ጡቷን በሕክምና ያጣች እኅት ወደ ሥራዋ ስትመለስ

በደጋው አገር የምትኖሩ አንባብያን ምናልባት አላስተዋላችሁት ይሆናል እንጂ፥ ጋቢ ታላቅ መሸሸጊያ ነው። ሕመም ያከሳው ሰው፥ ክንዱ ያበጠ ወይም ትከሻው ያዘነበለ ሰው፥ ጋቢውን ደርቦ ቢወጣ ማንም ሳያውቅበት ቤተ ክርስቲያን ስሞ ይመለሳል። በእኛ በቴፒ ግን ይህ አይሆንም። አገሩ ዝናብ የሚበዛበት፥ አየሩ ወበቅ፥ ምድሩም ቡናና ኮረሪማ፥ ቁንዶ በርበሬና እርድ የሚያበቅል ሞቃት ምድር ስለ ሆነ፥ ሰው ሁሉ ስስ ልብስ ለብሶ ይውላል። ስለዚህ አንዲት ሴት ጡቷን በቀዶ ሕክምና አጥታ ወደ ሥራዋ በተመለሰች ጊዜ፥ በእርስዋና በሰው ዓይን መካከል ያለው መጋረጃ አንዲት ነጠላ ብቻ ናት።

ይህን የአካል ክፍል በስሙ ጠርቶ በመንፈሳዊ መጽሔት ላይ መጻፍ የሚከብዳቸው አንባብያን እንዳሉ አውቃለሁ፤ እኔም ቀድሞ ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ። ነገር ግን በቅዱስ ሉቃስ ወንጌል በ11ኛው ምዕራፍ ከሕዝቡ መካከል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጌታን የወለደችውንና ያጠባችውን እናት ያመሰገነችው ሴት፥ ጡትን በስሙ ስትጠራ አላፈረችም፤ ጌታም ስለዚህ ቃል አልገሠጻትም። እኛ ግን በማፈራችን ብዙ እናቶችን አጥተናል። ዛሬ በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙት የነቀርሳ ዓይነቶች ሁሉ ቁጥሩ የሚበልጠው የጡት ነቀርሳ፥ ብዙ ሰው እንደሚለውም የጡት ካንሰር ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት መሠረት፥ በዚያ በአንድ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ ከ15 ሺህ የሚበልጡ ሴቶች በዚህ ደዌ ተይዘዋል። ከእነዚህም አብዛኞቹ ወደ ሐኪም የሚቀርቡት ደዌው ከጸና በኋላ ነው።

አሁን የማወሳት እኅት በከተማችን በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ ስትሆን፥ የሁለት ልጆች እናት ናት። ታሪኳን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን አልጽፍም። በቀኝ ጡቷ ውስጥ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ጠጣር ነገር በዳበሰች ጊዜ፥ ሕመም ስላልነበረው ዝም አለች። የጡት ነቀርሳ በመጀመሪያው ጊዜ ብዙውን ጊዜ አያምም፤ ሰውንም የሚያዘናጋው ይኸው አለማመሙ ነው። ኋላ ለእናቷ ብትነግራት እናቷ ጠበል ወሰደቻት፤ እያመላለሰችም ስድስት ወር ቆየች።

ጠበሉን ነቅፌ እንደ ጻፍሁ አይቈጠርብኝ። የቀረው ሐኪሙ ነበር፤ ሁለቱ ደግሞ አይጣሉም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. በእንጦጦ ጠበል ለሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ሕሙማን፥ ጠበሉንና መድኃኒቱን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚገባ በግልጽ አስተምረዋል። ኢያሱ ወልደ ሲራክም በመጽሐፉ በ38ኛው ምዕራፍ ስለ ባለ መድኃኒት ክብርና ከማን ዘንድ እንደ መጣ የጻፈውን ልብ ብሎ ያነበበ ሰው፥ ወደ ሐኪም መሄድን የእምነት ጕድለት አድርጎ አይቈጥረውም።

በመጨረሻ በሚዛንና በቦንጋ በኩል አድርጋ ጅማ ሄደች፤ በዚያም ጡቷ ሙሉ በሙሉ ተወገደ። ቀድሞ የጨረር ሕክምና በአዲስ አበባው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ በነበረበት ዘመን፥ የእኛ አገር ሕሙማን ለዚሁ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዙ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ጅማም ሕክምናውን መስጠት ስለ ጀመረ መንገዱ በእኩሌታ ያህል አጥሯል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በደም ሥር የሚሰጠው ብርቱ መድኃኒት በየ21 ቀኑ ስምንት ጊዜ ታዘዘላት። የሒሳብ አስተማሪ ናትና ወዲያው አሰላችው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 147 ቀን ነው። ከሁለተኛው ጊዜ አስቀድሞ የራስ ጠጕሯ በእፍኝ በእፍኝ ረገፈ፤ ቅንድቧም ሳሳ።

መድኃኒቱ ገና ሦስት ጊዜ ሲቀረው ወደ ሥራዋ ለመመለስ ጠየቀች። አንደኛው ምክንያት የደመወዟ ነገር ነበር፤ ይህን አልሸሽግም። ሁለተኛው ግን እርስዋ እንዳለችው ቤቷ ለቅሶ ቤት መምሰሉ ነው። ጎረቤቶቿ በአንድ ፊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይመጡና፥ ቡናው እስኪፈላ ድረስ እርስዋን እያዩ ከንፈራቸውን ይመጥጡ ነበር። አንዲቱም «ምነው በእኔ ባደረገው» ብላ ብታለቅስ፥ ታማሚዋ ራስዋ ተነሥታ አጽናናቻት።

እንግዲህ የራሴን ስሕተት የምናገርበት ስፍራ ይህ ነው። በዚያን ጊዜ በትምህርት ቤቱ የክፍለ ጊዜውን ድልድል የማወጣው እኔ ነበርሁ። እንደምትመለስ በሰማሁ ጊዜ በጣም አዘንሁላት፤ አዝኜም የ6ኛ ክፍል ሒሳቧን ለሌላ አስተማሪ ሰጠሁና እርስዋን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መደብኋት። ተቀምጣ መጻሕፍት ትመዘግባለች፥ ተማሪም አያደክማትም፥ ማንም አያያትም ብዬ ነው። ይህን መልካም ሥራ መስሎኝ ለባለቤቴ ሳይቀር ነግሬያት ነበር።

ሰኞ ጧት ሻሿን አሥራ መጣች። በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ድልድል ከላይ እስከ ታች አነበበችና ወደ እኔ ዞረች።

«መምህር፥ ይህን ሲወስኑ ማንን ጠየቁ?»

«ለአንቺ አስቤ ነው፥ እኅቴ፤ እንዳትደክሚ ብዬ» አልኋት።

«እኔ እኮ አልሞትሁም። የሚጠየቅ አፍ አለኝ» ብላ ወጣች።

ማክሰኞም ረቡዕም አልመጣችም። ሥራዋን ልትለቅ ማመልከቻ እየጻፈች መሆኑን ሰማሁ። ኀሙስ ማታ ባለቤቴን ይዤ ወደ ቤቷ ሄድሁ። ይቅርታ ለመጠየቅ ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ነበር፤ ነገር ግን ገና ስቀመጥ ዓይኔ በግድግዳው ላይ ዐረፈ። በኖራው ግድግዳ ላይ በከሰል የተሰመሩ አጫጭር መስመሮች፥ አንዱ ከአንዱ በላይ፥ በየጎናቸው ቀን ተጽፎባቸው እንደ መሰላል ወደ ላይ ወጥተዋል። የልጆቹ ቁመት የተለካበት መስሎኝ ጠየቅሁ። የእጅዋ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡት ሲወገድ በብብት ውስጥ ያሉት ትናንሽ ዕጢዎች ብዙ ጊዜ አብረው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ትከሻው ይጠነክራል፥ ክንዱም ወደ ላይ አልነሣ ይላል። የታዘዘላት እንቅስቃሴ ቀላል ነው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆማ፥ በጣቶቿ እንደ ሸረሪት እየዳኸች እጇን ወደ ላይ መውሰድ፥ በደረሰችበትም ጥቂት ቆይታ ቀስ ብላ መመለስ ነው። በየቀኑ የደረሰችበትን ምልክት ታደርግ ነበር። የመጀመሪያው መስመር ከትከሻዋ በታች፥ የመጨረሻው ከራስዋ በላይ አንድ ስንዝር ነበር። በዚያ ግድግዳ ላይ አራት ወር ሙሉ የለካችው ጥቁር ሰሌዳውን መሆኑን ያን ጊዜ ገባኝ፤ እኔም ያንኑ ሰሌዳ ነው የነሣኋት። ያዘጋጀሁትን ቃል ሁሉ ትቼ «ድልድሉን አንቺው ራስሽ አውጪው» አልኋት።

አወጣችውም። በሳምንት ከምታስተምረው 22 ክፍለ ጊዜ 12ቱን ብቻ ወሰደች፤ ሁሉንም ከጧቱ አደረገችው፥ ከቀትር በኋላ ድካሙ ይበረታባት ነበርና። መድኃኒቱን በወሰደች ሳምንት ሌላ አስተማሪ ይተካላታል፤ እርስዋ ደግሞ በኋላ የእርሱን ፈተና አርማ ብድሩን ትመልሳለች። በሰሌዳው ላይ ከወገብ እስከ ዓይን ድረስ ራስዋ ትጽፋለች፤ ከዚያ በላይ ያለውን፥ በተለይም ክበብና ሦስት ማዕዘን ሲሳል፥ ረጃጅሞቹ ተማሪዎች እየወጡ ይሠራሉ። እንዲያውም ልጆቹ ኮምፓስ መያዝ የተማሩት በዚያ ዓመት ነው።

ተማሪዎቹ ያስቸግሯታል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ያስቸገሯት ግን ትልልቆቹ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ልጅ ተነሥቶ «ቲቸር፥ ጠጕርሽ የት ሄደ?» አላት። «መድኃኒት አረገፈው፤ ተመልሶ ይበቅላል» አለችው። ልጁም ተቀመጠ፤ ትምህርቱም ቀጠለ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ግን እርስዋ ስትገባ ጨዋታው ይቋረጣል። ከወንዶቹ አንዱ ሲያነጋግራት ጣሪያውን ያያል፤ ከሴቶቹ ደግሞ ሰላም እያሉ በዓይናቸው ደረቷን የሚለኩ ነበሩ። አንድ ቀን በሻይ ሰዓት ስኒዋን አስቀምጣ፥ «አንዱ ጡቴ ወጥቷል፤ መድኃኒት ላይ ነኝ፤ ርዳታ ስፈልግ እጠይቃችኋለሁ» አለችና ሻይዋን ጠጣች። ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ተመለሰ፤ ጣሪያ የሚያየውም ወዳጃችን ዓይኑን አወረደ። ሁሉም ሴት እንዲህ ትናገር አልልም፤ አንድም ቃል ሳትናገር ሥራዋን መቀጠል የምትሻም ትኖራለች። በሁለቱም ወገን ሰው «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» ብሎ፥ የቀረውን እርስዋ ብትጀምር ቢያደምጥ ይበቃዋል።

የልብሱ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ከሐኪም ቤት ስትወጣ ስለ ቁስሉ፥ ስለ ክኒኑ፥ ስለ ቀጠሮው ተነግሯት ነበር፤ ምን እንደምትለብስ ግን የነገራት የለም፤ እርስዋም አፍራ አልጠየቀችም። በመጀመሪያ ጥጥ ጠቅልላ በጡት መያዣዋ ውስጥ አኖረች። ጥጡ ቀላል ስለ ሆነ፥ በሰሌዳው ላይ ስትጽፍ ወደ አንገትዋ ይወጣባታል፤ ደግሞም በአንድ ወገን ክብደት ሲጎድል ትከሻ ይዛነፋል፥ ጀርባም ይታመማል። ስለዚህ ከአሮጌ ነጠላ ትንሽ ከረጢት ሰፍታ ተልባ ሞላችበት። ክብደቱም ልስላሴውም መልካም ነበር፤ ነገር ግን የቴፒ ዝናብ መንገድ ላይ ያገኛት ቀን፥ ተልባ ውሃ ሲነካው ምን እንደሚሆን የምታውቅ የቤት እመቤት ሁሉ ቀሪውን ታስበዋለች። ይህን ስትነግረን ከሕመሟ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየናት። ኋላ በዳጉሳ ተካችው፤ እርሱንም በየሁለት ሳምንቱ ትለውጠዋለች፥ በወበቁ ይሻግታልና። ከረጢቱ ሁለት ሆኖ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይለበሳል። ከሲሊኮን የተሠራ ምትክ ጡት በውጭ አገርና በአዲስ አበባ እንደሚገኝ ታውቃለች፤ ነገር ግን በዚህ ሙቀት ያ ነገር ቆዳን እንዴት እንደሚያላብ ሲነገራት በዳጉሳዋ ጸናች። በቤቷ ውስጥ ደግሞ ምንም አታደርግም፤ ጠፍጣፋ ደረቷን ይዛ እንጀራዋን ትጋግራለች።

ማንም ያልነገራት እርስዋ ብቻ አይደለችም። በ1952 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ከተማ ቴሬዝ ላሰር የተባለች ሴት ጡቷን በቀዶ ሕክምና አጣች። ክንዴን እንዴት ላንቀሳቅስ፥ ምን ልልበስ፥ ከባሌ ጋር እንዴት ልኑር ብላ ብትጠይቅ የሚመልስላት አላገኘችም። እርስዋም ከዳነች በኋላ ሌሎች ሴቶችን በየሆስፒታሉ እየዞረች ትጠይቅ ጀመር። በእጅዋ የምትይዘው ጥቂት ነገር ነበር፤ እጅን ለማለማመጃ የሚሆን የላስቲክ ኳስና ገመድ፥ ለጊዜውም በልብስ ውስጥ የሚደረግ ምትክ ጡት። አንዳንድ ሐኪሞች በሥራችን ገባች ብለው ከሆስፒታል አስወጥተዋታል። ሆኖም በ1969 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ሥራዋን ተቀብሎ የራሱ አደረገው። በእኛም አገር፥ አቶ ወንዱ በቀለና ወይዘሮ አምሳለ በየነ ልጃቸውን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ በስሙ ያቋቋሙት የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ማኅበር፥ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና አዲስ አበባ የሚሄዱትን ድኆች ሕሙማን በማስጠለልና በማስተማር ይታወቃል።

ወደ ቤቷ ልመለስ። ባለቤቷ ጥሩ ሰው ነው፤ ቢሆንም ለብዙ ወራት ቁስሉን አላየም፤ ልብሷን ስትለውጥ ይወጣ ነበር። እርሱ ይህን የሚያደርገው እንዳትሸማቀቅ ብሎ ነው፤ እርስዋ ግን ተጸይፎኛል ብላ ታስብ ነበር። ሁለቱም ለየብቻ ለንስሐ አባታቸው ተናገሩ። እኒያ አባት በብዙ ቃል አልመከሩም፤ ከራስጌያቸው ወደ ተሰቀለው ሥዕል አመለከቱ እንጂ። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ሥዕል ነበር። ጻድቁ ለጸሎት ብዙ ዘመን ከመቆም የተነሣ አንድ እግራቸው ተሰብሮ በአንድ እግራቸው እንደ ጸለዩ በገድላቸው ተጽፏል፤ ጥር 24 ቀንም ስባረ ዐፅማቸውን እናከብራለን። የአገራችን ሠዓሊ የተሰበረውን እግር አይሸሽገውም፤ ለይቶ ያሳየዋል፤ እኛም ሥዕሉን በቤታችን ሰቅለን እንሳለመዋለን። «የእናንተ ቤት ይህን ሥዕል ሲያይ የኖረ ቤት ነው» አሏቸው። ባልየው በዚያ ምሽት ፋሻውን ራሱ እንደ ለወጠላት ነግራናለች፤ ከዚህ የበለጠውን አልጠየቅንም።

እኒሁ አባት በሌላም ነገር ረድተዋታል። ዐቢይ ጾም በመድኃኒቱ ወራት ገብቶ ነበር፤ ሥርዓቱ ለሕሙማን ያዘነ መሆኑን አስረድተው ሐኪሙ ያዘዘውን እንድትመገብ ፈቀዱላት። በሰሙነ ሕማማትም ክብደቷን በክንዷ ላይ ጥላ እንዳትሰግድ፥ ራስዋን ዝቅ በማድረግ ብቻ እንድትሰግድ አዘዟት። ዕጢው የወጣበት ክንድ ፈሳሽ እያጠራቀመ ሊያብጥ ይችላልና። ይህ እብጠት ከብዙ ዓመት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል፥ እሾህ እንዳይወጋው፥ የምጣድ እሳት እንዳያቃጥለው፥ ቢቧጨርም ቶሎ በሳሙና እንዲታጠብ ያስፈልጋል፤ ክንዱ ቢቀላና ቢያተኩስ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ቀድሞ «ዕድሜሽን ሙሉ ምንም ነገር አታንሺ» ይባል ነበር። ዛሬ ግን ሐኪሞች ክንዱ ጨርሶ ሥራ ከመፍታት ይልቅ፥ በልክና ቀስ በቀስ ቢለማመድ እንደሚሻለው ያስተምራሉ።

ይህን የምጽፈው ለአስተማሪ ብቻ ቢሆን ነገሩ በቀለለ ነበር፤ ጠመኔ ክብደት የለውም። የአገራችን ሴት አብዛኛዋ የምትሠራው በቡና ውስጥ ነው። ቅርጫት በወገቧ ታጥቃ፥ ቅርንጫፍ ወደ ታች እየሳበች፥ ክንዷን ቀኑን ሙሉ ወደ ላይ ዘርግታ የምትለቅም ሴት፥ ሥራዋ የሚጠይቃት ያንኑ የተጎዳውን ክንድ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156፥ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ቢታመም በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ እንዲያገኝ ያዝዛል። የመጀመሪያው አንድ ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፥ የሚቀጥሉት ሁለት ወራት በደመወዙ እኩሌታ፥ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ግን ያለ ደመወዝ ነው። እንግዲህ ያችን 147 ቀን አስቧት። ቀዶ ሕክምናውና ጨረሩ ሲጨመሩበት ፈቃዱ ሕክምናው ሳያልቅ ያልቃል፤ ደመወዙ ደግሞ ከፈቃዱ ቀድሞ ያልቃል። በለቀማው ወራት ብቻ በኪሎ ተከፍሏት የምትሠራዋ ሴት ይህንንም የምታገኝ አይመስለኝም። ስለዚህ የእርሻው አለቃ ቢጠየቅ ማድረግ የሚችለው ነገር አለ፤ ተቀምጣ ቡና እንድታበጥር፥ ሚዛን እንድትመዘግብ፥ ችግኝ እንድትንከባከብ ቢያዛውራት እጅዋም ሥራውም አይጎዱም። ብቻ ድልድሉን ሲያወጣ እኔ እንዳደረግሁት አያድርግ።

ያች እኅት ዛሬ ሙሉ ክፍለ ጊዜዋን ታስተምራለች። ጠጕሯ ተመልሷል፤ ቀድሞ ያልነበረው ጥቅልል ሆኖ ስለ መጣ ልጆቿ ይስቁባታል። በየቀኑ የምትውጠው ክኒን ቢያንስ ለአምስት ዓመት የታዘዘ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ትኩሳት ሽቅብ እያለባት ትምህርቱን አቋርጣ መስኮት ትከፍታለች። በየቀጠሮዋ ጅማ ትሄዳለች፤ ከመሄዷ በፊት ባሉት ሌሊቶች እንቅልፍ እንደማይወስዳት ታውቃለች፥ እኛም አውቀን በዚያ ሳምንት የፈተና እርማት አንሰጣትም፤ ይህንንም ያለችን እርስዋ ናት።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ አገኘኋት። ዳጉሳ እየገዛች ነበር፤ ከወትሮው አብልጣ። በቡናው እርሻ አጠገብ የምትኖር አንዲት ሴት ከጅማ ተመልሳ ከቤት አልወጣ ብላለች አሉኝና፥ ከባለቤቴ ጋር ከቅዳሴ በኋላ ልንሄድ ነው አለችኝ። በዘንቢሏ ውስጥ አዲስ የተሰፉ ሁለት ከረጢቶችና አንድ የከሰል ቍራጭ አየሁ።